ሣሩ በዛ፣ ዓይነቱ ጠፋ፦ የማዳበሪያና የግጦሽ መስክ ታሪክ

ክረምት ሲገባ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «የድርቆሽ መሬቴ ላይ ዩሪያ ብበትንበትስ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ እሱን እናውጋ።

በመጀመሪያ በረታችሁ ጥግ ያለውን ቦታ አስተውሉ። እበት ሲከማች የኖረበት ላይ ሳማ፣ አስተናግርና ሙጃ ናቸው የሚበዙት። ወፍራምና ቁመታም ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን ቢቆጠር በጣት ያልቃል። ራቅ ብሎ ፍግ ነክቶት የማያውቅ መስክ ላይ ደግሞ ሣሩ አጠር ያለ ነው፤ ግን ጋጃው፣ ሰርዶው፣ ለስፌት የሚሆነው አክርማ፣ ማገጡ (ሲዲሳው)፣ መስከረም ሲጠባ አደዩ ተደባልቀው ይገኛሉ። መሬት ሲጠግብ የሣሩ ክብደት ይጨምራል፣ ዓይነቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

ይሄንን በሜዳ ላይ ለረጅም ዘመን የለካው ሙከራ ያለው እንግሊዝ አገር፣ ሮታምስቴድ የሚባል የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው። ጆን ቤኔት ሎውስ የማዳበሪያ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ከኬሚስቱ ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1856 አንድ የቆየ የሣር መስክ ለየብቻ ከፋፈሉት። አንዱን ቁራሽ ያለ ምንም ማዳበሪያ ተዉት፣ ለሌሎቹ የተለያየ ማዳበሪያ ሰጡ። የፈለጉት የድርቆሽ ምርት ለመጨመር ነበር፤ ምርቱም ጨመረ። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ዓይነት የነበረው መስክ ቁራሽ በቁራሽ የተለያየ ሆነ። ሙከራው እስከ ዛሬ አልቆመም። ምንም ያልተሰጠው ቁራሽ ላይ 40 አካባቢ የዕፅዋት ዓይነት ይገኛል። ብዙ ናይትሮጅን በአሞኒየም መልክ እየተሰጠው ኖራ ያልተጨመረበት ቁራሽ ላይ ግን የቀሩት ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው። መጠኑ ስንት መሰላችሁ? ከፍተኛው በሄክታር 144 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በእኛ ሂሳብ ከሦስት ኩንታል ዩሪያ ትንሽ ከፍ ይላል።

እውነት ለመናገር እዚያ ዓይነቱን የጨረሰው አንዱ ምክንያት የአፈሩ መምረር፣ ማለትም አሲዳማነት ነው። የእኛ ጥቁር አፈር ቶሎ አሲዳማ አይሆንም። ሌላው ምክንያት ግን እኛም ጋ ይሠራል፤ እሱም ጥላ ነው። ናይትሮጅን ያገኘ ረጅም ሣር ፈጥኖ ይነሳና ከሥሩ ያሉትን ፀሐይ ይከለክላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የስዊዘርላንድ ሙከራ ይሄንን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ማዳበሪያ በተሰጠው ሣር ሥር መብራት ሲያበሩ ትንንሾቹ ዕፅዋት ሳይጠፉ ቀሩ። ያጠፋቸው የብርሃን እጦት ነው እንጂ ማዳበሪያው መርዝ ሆኖባቸው አይደለም። አፍሪካ ውስጥም ደቡብ አፍሪካ፣ ኡኩሊንጋ በሚባል ቦታ ከ1951 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ የማዳበሪያ ሙከራ አለ፤ እዚያም የሣሩ ዓይነት ቀንሷል።

ወደ አገራችን እንምጣ። አባቶቻችን በአንድ በኩል የግጦሹን ሀብት ወደ ቤት ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። ከብቱ መስክ ላይ ይበላል፣ ማታ በረት ይገባል፤ እበቱ ኩበት ይሆናል ወይም ጓሮ ይገባል። ስለዚህ ጓሮው እየወፈረ፣ መስኩ እየከሳ ኖረ። ያ የከሳ መስክ ነው ብዙ ዓይነት ሣር ይዞ የቆየው። የፋብሪካ ማዳበሪያ በሰፊው ወደ ገበሬው መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አርሲ ላይ ካዱ በስዊድን እርዳታ ተቋቋመ፤ በ1971 ሚኒመም ፓኬጅ ተከተለ። ዳፕና ዩሪያ በብዛት የሄዱት ወደ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ማሳ ነው። መስኩን ማዳበሪያ ሳይሆን ማረሻ ነበር የደረሰበት።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። እኛ አካባቢ የቀረው መስክ ትንሽ ነው፣ የወተት ላሙ በዝቷል፣ ፍጉም አንድ ቦታ ይከመራል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ሲሞሉ ዳርቻው ላይ ያለው መስክ ሳይፈልግ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይደርሰዋል። ሁለቱ ወንዞች የሚገቡበት አባ ሳሙኤል ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ታውቁታላችሁ። ውኃው ጠገበ፣ አንድ ተክል ሁሉን ዋጠ። መስክ ላይ ያለውም ሕግ ያው ነው።

«ታዲያ ዓይነቱ ቢቀንስ ምን ቸገረኝ፣ ሣሩ ከበዛ?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ቀድሞ የሚጠፋው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ማገጥ አጭር ስለሆነ ጥላ አይችልም። ናይትሮጅን ደግሞ ከአየር ራሱ ስለሚያገኝ በዩሪያ አይጠቀምም፤ የሚጠቀመው ተፎካካሪው ሣር ነው። ድርቆሻችሁ ውስጥ ፕሮቲን የሚያመጣው ግን ማገጡ ነው። ኢትዮጵያ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያ አላት፤ ሌላ አገር የማይገኙም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) እነዚህን ማገጦች በደጋው ጥቁር አፈር ላይ ሞክሯቸው ነበር። ፎስፈረስ ሲሰጣቸው ምርታቸው በደንብ ጨምሯል። ሮታምስቴድም ላይ ናይትሮጅን ሳይኖር ፎስፈረስና ፖታሽ ብቻ ያገኘው ቁራሽ የጥራጥሬ ወገን ሣሮች የበዙበት ነው። ስለዚህ የማዳበሪያው ዓይነት ትልቅ ልዩነት አለው።

የጠፋውስ ይመለሳል? አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ብዙ ናይትሮጅን የተሰጠው መስክ ማዳበሪያው ከቆመ ከ20 ዓመት በኋላም ዓይነቱ አልተመለሰም። ሮታምስቴድ ላይ ግን ናይትሮጅኑ ሲቆም ብዙ ዓይነት ተመልሷል። አንዱ ልዩነት እዚያ ሣሩ በየዓመቱ እየታጨደ ከመስኩ መውጣቱ ነው፤ ድርቆሹ ሲወጣ ናይትሮጅኑም አብሮ ይወጣል። እንግዲህ የእናንተ ማጭድ ትልቅ መሣሪያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚሆነው ይሄ ነው፦

1. ዩሪያ ለሰብልና ለተዘራ መኖ፣ ለምሳሌ ለዝሆን ሣርና ለሮደስ ይሁን። ማገጥ ያለበትን የተፈጥሮ መስክ ዩሪያ አታስነኩት።

2. ኤንፒኤስ ፎስፈረስ አለው ብላችሁ መስኩ ላይ አትበትኑ። ከ100 ኪሎው 19 ኪሎ ናይትሮጅን ነው።

3. ፍጉን መስኩ ላይ አትከምሩ። ኮምፖስት አድርጋችሁ ወደ ማሳና ጓሮ ውሰዱት።

4. ሣሩን በወቅቱ እጨዱና ከመስኩ አውጡት። ቆሞ ከሰነበተ ከሥሩ ያሉትን ያፍናል።

5. ብዙዎቹ ማገጦች ዓመታዊ ናቸው፤ ዘር ካልጣሉ በሚቀጥለው ክረምት የሉም። በየዓመቱ ከመስኩ አንድ ጥግ ዘር እስኪያፈስ ሳይታጨድ ይቆይ፣ ጥጉንም አፈራርቁት።

በዚህ ክረምት መስካችሁ ውስጥ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ የሆነ ቦታ ለዩና ስንት ዓይነት ሣር እንዳለ ቁጠሩ። ልጆቹም ይርዷችሁ። ቁጥሩን ጻፉት፣ ከርሞም እዚያው ቦታ ቁጠሩ። እየቀነሰ ከሄደ ገና ማገጡ ሳያልቅ ታውቃላችሁ። የቆጠራችሁትን በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፣ ለጎረቤትም አጋሩ። መልካም የክረምት ሥራ!