ብርሃን የለካው፣ ብርሃን ያልለካው

እ.ኤ.አ. በ1941 የአርኖልድ ቤክማን ኩባንያ በካሊፎርኒያ «ዲዩ» የተሰኘ ስፔክትሮፎቶሜትር በ723 ዶላር ለገበያ አቀረበ። አንድ ፈሳሽ በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው ይህ መሣሪያ፣ ሰዓታት ይፈጅ የነበረውን የኬሚካል ምርመራ ወደ ደቂቃዎች አወረደው። የዲኤንኤ ቅርጽ በ1953 ከታወቀ በኋላ፣ መድኃኒት ከዲኤንኤ ጋር መያያዙን ለማወቅም ዋነኛው መንገድ ይኸው የብርሃን ልኬት ሆነ።

በ1961 ሊዮናርድ ለርማን አክሪዲን የተባሉ ጠፍጣፋ ቀለሞች በዲኤንኤ መሰላል እርከኖች መካከል ሾልከው እንደሚገቡ አመለከተ። በዚያው አሥር ዓመት የሚላኑ ፋርሚታልያ ተመራማሪዎች፣ ፈረንሳውያንም ለብቻቸው የደረሱበትን ዳውኖሩቢሲንን፣ ቀጥሎም በ1969 ዶክሶሩቢሲንን አስተዋወቁ። እነዚህ ቀያይ የካንሰር መድኃኒቶች ለብርሃን ምርመራ የተመቹ ነበሩ፤ 480 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣሉ፣ ራሳቸውም ይፈካሉ። ዲኤንኤ ሲጨመርባቸው የሚውጡት ብርሃን ይቀንሳል፣ ፍካታቸውም ይደበዝዛል። ከዚህ ለውጥ በመነሣት ምን ያህሉ መድኃኒት እንደተያያዘ፣ ምን ያህሉም ነጻ እንደቀረ ማስላት ይቻላል። በ1980 የታተመ የኤክስሬይ ጥናትም ዳውኖሩቢሲን በእርግጥ በእርከኖቹ መካከል እንደሚገባ አሳየ።

ማስረጃው ጽኑ ስለነበር ማብራሪያው የተሟላ መሰለ፤ መድኃኒቱ ዲኤንኤን ይይዛል፣ ዲኤንኤ መባዛት ያቅተዋል፣ ሕዋሱም ይሞታል። አምሳክሪን የተባለ ሌላ መድኃኒት ግን ይህን አመክንዮ አናጋው። አምሳክሪን ከአንድ የቅርብ ዘመዱ የሚለየው በአንዲት የአተሞች ስብስብ አቀማመጥ ብቻ ነው። ሁለቱም በእርከኖቹ መካከል ይገባሉ፤ ዕጢን የሚዋጋው ግን አምሳክሪን ብቻ ነው።

በ1984 የሊሮይ ሊው ቡድን የጎደለውን አካል አገኘ፤ ቶፖአይሶሜሬዝ ሁለት የተባለውን ኢንዛይም። ይህ ኢንዛይም የተጠላለፈውን ዲኤንኤ ቆርጦ ያፍታታና መልሶ ይቀጥላል። ዶክሶሩቢሲንና አምሳክሪን ኢንዛይሙ ከቆረጠ በኋላ መልሶ እንዳይቀጥል ያግዱታል። ቁርጡ ሳይጠገን ይቀራል፤ ሕዋሱን ለሞት የሚዳርገውም በዋናነት ይህ ነው።

ልዩነቱ ከቤተ ሙከራ አልፎ የሕመምተኛ ጉዳይ ነው። ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚጎዳ አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚወስደው ጠቅላላ መጠን ይገደባል። ጉዳቱን ከፈውሱ ለመነጠል የሚሻ ሁሉ የትኛው ተግባር ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ብርሃኑ የተጠየቀውን፣ ማለትም የመያያዙን ነገር፣ በትክክል መልሷል። ሕዋሱ ለምን ይሞታል ለሚለው ጥያቄ ግን የሙከራ ብልቃጡ ኢንዛይሙን ስላልያዘ መልስ ሊሰጥ አይችልም ነበር። የምርምር በጀት የሚመድቡ ተቋማትም ውጤት የሚመዝኑበትን መለኪያ ከመምረጣቸው በፊት፣ ብልቃጡ ውስጥ ያልገባው ምን እንደሆነ ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።