ሞቷል ስለ ተባለው የልብ ጡንቻ

ልብን በጨረር የመመርመር ታሪክ የሚጀምረው ሥዕል በማንሣት ሳይሆን ጊዜ በመቍጠር ነው። ብሉምጋርት የተባለው የቦስተን ሐኪም ከራዶን የተገኘ ጨረር አመንጪ ነገር በአንዱ ክንድ ደም ሥር ወግቶ፥ ወደ ሌላው ክንድ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ መለካቱን በ1927 (በፈረንጅ አቈጣጠር) አሳተመ። ሥዕሉ የመጣው ሃል አንገር በ1950ዎቹ መጨረሻ በበርክሌይ የጋማ ካሜራን ከሠራ በኋላ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ታሊየም 201 በሥራ ላይ ዋለ። ደም የሚደርሰው ሕያው ጡንቻ ታሊየምን ይስባል፤ ስለዚህ በሽተኛው ሲደክም ጐድሎ የታየው ስፍራ ካረፈም በኋላ ካልሞላ፥ ሐኪሞች «ጠባሳ ነው» ብለው ይፈርዱ ነበር። ፍርዱ ግን የችኰላ ሆኖ ተገኘ። በ1990 ዲልሲዚያንና ባልደረቦቹ በ100 በሽተኞች ላይ ታሊየሙን ዳግመኛ ወግተው ቢያዩ፥ እንደማይመለስ ከተቈጠረው ስፍራ ግማሽ ያህሉ ታሊየም ስቦ ታየ። እኛ ይህን ከካሜራው መሠራት አናሳንሰውም፤ ደም ሥሩ ቢጠገንለት የሚጠቀም ሰው በከንቱ ሊታለፍ ይችል ነበርና።

ኋላ ነገሩ ወደ ጊዜ ቈጠራ ተመለሰ። በ2005 የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከልብ ኤሌክትሪክ ምት ጋራ ተገናዝቦ ከሚነሣው ሥዕል፥ የግራው ልብ ግድግዳ እያንዳንዱ ክፍል መኰማተር የሚጀምርበትን ጊዜ የሚለኩበትን ዘዴ አወጡ። ምትን የሚያስተባብር መሣሪያ ሽቦው ጠባሳ ላይ ካረፈ ጥቅሙ ስለሚያንስ፥ ሐኪሙ የዘገየውን ግድግዳና የሞተውን ስፍራ ከዚያው ከአንዱ ምርመራ ያነብባል።