መዝሙሩ አልተዘጋም

ተወዳጆች ሆይ፣ ዛሬ አዲስ መዝሙር ስንፈልግ ስልካችንን ማንሳት ይበቃናል። ከእኛ የቀደሙት ምእመናን ግን አዲስ ዝማሬ ለመስማት የራዲዮ ሰዓት ይጠብቁ ነበር። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ። ሰባኪ ባልደረሰበት ቤት እንኳ ቃሉና ዝማሬው በአየር ሞገድ ገባ።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ከዚያም በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ምእመናንም በየቤቱ ተደብቀው መጸለይ ጀመሩ። መዝሙሩ ግን አልተዘጋም። ራዲዮው ዝም ሲል ካሴቱ ተናገረ። አንዱ ካሴት ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከከተማ ከተማ ተጓዘ። ድምፁ በቅጂ ብዛት ቢደክምም ቃሉ ልብ ያጸና ነበር። የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች በዚያ ዘመን ብዙዎችን አጽናንተዋል፤ ዘማሪው ራሱ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ካሴት በመዝሙር ቤቶች በግልጽ ይሸጥ ጀመር። ቀጥሎ ሲዲ መጣ፣ ዛሬም ስልክ አለ።

ወገኖች፣ ያኔ መዝሙሩ ጥቂት ስለነበር እስኪሸመደድ ይደመጥ ነበር። ዛሬ ሞልቶልናል፤ ነገር ግን ስንቱ ልባችን ውስጥ ቀርቷል? ሐዋርያው በቆላስይስ 3፥16 ዝማሬን በውስጣችን በሙላት ከሚኖረው ከክርስቶስ ቃል ጋር ያያይዘዋል። እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ አዲስ መዝሙር እንምረጥ፤ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን ግጥሙን በቃሉ እንመዝነው። እውነት ሆኖ ካገኘነው አልበሙን ገዝተን ዘማሪውን እንደግፍ፤ መዝሙሩንም ከቤተሰባችን ጋር እንዘምረው።

ጸጋ ይብዛላችሁ።