ጥበብና ጠይብ

እህቴ ለጥምቀት ነጠላ አምጣልኝ ብላኝ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ዳር ከተደረደሩት ሱቆች ካንዱ ገዝቶ መመለስ ይቻል ነበር። እኔ ግን ነገር ፍለጋ የሚባል አመል አለብኝና፣ ከሸማኔው እጅ ልግዛ ብዬ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። ቅያሱን ስከተል አንዲት ዝቅ ያለች ቤት ደረስኩ። ሰውዬው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ታች አውርዶ ይረግጣል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል። ዋጋ ተነጋገርን፣ ተስማማን። በመጨረሻ ስሙን ብጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና፣

«ጋሼ፣ ስሜ ምን ያደርግልዎታል? የሚለበሰው ሸማው ነው» አለኝ።

መልሱ ከነጠላው ይልቅ ከበደኝ። ስንት ሸማ ለብሰናል፤ ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ። የሠራውን ሰው ስም የምናውቅ ግን ማን ነን? የሱቁን ስም እናውቃለን። ዘመን ሲሠለጥን ደግሞ የዲዛይነሯን ስም አንገቱ ሥር ተሰፍቶ እናየዋለን። ጉድጓድ ውስጥ የዋለው ሰው የለም።

እስቲ ቃሉን እንየው። በቀሚሱና በነጠላው ጫፍ ላይ የሚገባውን ባለ ቀለም ሽመና «ጥበብ» እንለዋለን። የሰሎሞንም ጥበብ ይኸው ቃል ነው፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም የሚጠራው በዚሁ ነው። ጥበብ ያለው ሰው በግእዙ «ጠቢብ» ነው። ይኸው ጠቢብ በአፋችን ሲንከባለል ከርሞ «ጠይብ» ሆነና ቁጭ አለ። ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ልጅ ይበላል ተባለ። አንዱን ሥር ለሁለት ከፍለን፣ ጥበቡን ለራሳችን ትከሻ፣ ጠይቡን ለሠሪው ግንባር አደረግነው ማለት ነው። ጠይብ በዋናነት ለቀጥቃጩ የተሰጠ ስም ነው፤ ሸማኔው የራሱ ስድብ አለው፣ «ቁጢት በጣሽ» የሚባል።

ነገሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ መቼም ከክሩ አይደለም። ፈትል ራሱ እኮ የተከበረ ሥራ ነበር። የባላገሩም ሚስት፣ የመኳንንቱም እመቤት እንዝርት ታሾር ነበር፤ ባዘቶ ከእጇ የማይጠፋ ሴት ባለሙያ ትባላለች እንጂ አትሰደብም። ያው ጥጥ ከሴትየዋ እንዝርት ወጥቶ ሸማኔው ጉድጓድ ሲደርስ ነው ክብሩ የሚጠፋው። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ መሬት ነው። በደጋው አገር ሰው የሚባለው ርስት ያለው፣ የሚያርስ፣ አለዚያም ጦር የሚይዝና የሚቀድስ ነበር። ርስት የተነፈጉት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ደግሞ መብላት ስላለባቸው ንግድ፣ ሽመና፣ ብረትና ሸክላ ያዙ። መሬቱን የከለከላቸው ሰው ተመልሶ በያዙት ሥራ ሰደባቸው። በተለይ ጎንደርና አካባቢው ሸማኔ ሲባል ሙስሊሙን ወይም ቤተ እስራኤሉን ማሰብ የተለመደ ነበር።

ጎንደርን ካነሳሁ አይቀር፣ ለንደን ስላለው መጋረጃ ልናገር። በብሪቲሽ ሙዚየም ከሐር የተሠራ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ። መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለይ የሦስት መጋረጃዎች መካከለኛው ነው ይባላል። የመጣው በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከጫነው ንብረት ጋር ነው። የተሠራው በ18ኛው መቶ ዘመን እንደሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ። ሐሩ ከቻይና የመጣ ነው። አሠራሩ ግን እንደ ነጠላው በጉድጓድ ዕቃ አይደለም። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ካርዶች ክር ክሩን አስገብቶ፣ ካርዶቹን እያዞሩ ድሩን በመግመድ የሚሠራ ነው። ካርዶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚህ ዓይነት አሠራር ከተሠሩት በዓለም ትልቁ ነው ይሉታል። አንድ ካርድ ተሳስቶ ቢዞር ምስሉ ይፈርሳል። ከዚያ ሁሉ ክር ውስጥ ሰዎች ብቅ ይላሉ፤ ቀሳውስት፣ የታጠቁ ወታደሮች፣ የንጉሥ ቤተሰብ። ንጉሡ አፄ በካፋ፣ ንግሥቲቱ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ተብሎ ይታመናል።

እንግዲህ አስቡት። በካፋን እናውቃለን። ምንትዋብን ከነቁስቋሟ እናውቃለን። መጋረጃውን ዘርፎ የወሰደውን የጦር አዛዥ፣ ጄኔራል ናፒየርን እናውቃለን። ሙዚየሙ ከጦሩ ጋር የላከውን ሰው እንኳ፣ ሪቻርድ ሆምስን፣ እናውቃለን። ያንን ሁሉ ካርድ ሲያዞር የከረመውን ሰው ግን የሚያውቅ የለም። መጋረጃው ይመለስልን ስንል (ሊመለስም ይገባዋል) የማንን ሥራ እየጠየቅን እንደሆነ ልብ ብለነዋል?

ነገሩ ያሳሰባቸው ሰው አልጠፉም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ እየተባለ መሰደቡን በስሙ ጠቅሰው፣ ከእንግዲህ የሚሳደብ ይቀጣል አሉ። ጸሐፊው፣ ገበሬውና ነጋዴው ሳይቀሩ በየሥራቸው የሚሰደቡበት አገር መሆኑን ከዚያው አዋጅ እንማራለን። ለመሆኑ ያልተሰደበው ማን ነበር? አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ልጅ ሆኜ ስድቡን ሰምቼዋለሁ፣ ብሼም ሊሆን ይችላል፣ ተሳድቤበታለሁም።

የሽሮ ሜዳው ሰው የጋሞ ሰው ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ፣ የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ፣ የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። «ዶርዜ» የሚለውን የአንድ አካባቢ ስም የሁሉም ሸማኔ ስም ያደረገው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ለክብር እንዳልነበረ እናንተም ታውቃላችሁ። የሚገርመው፣ በጋሞ ደጋ ሽመና የሚያዋርድ ሥራ አልነበረም። እዚያ መሬት ያለው፣ በአደባባይ የሚናገረው ሰው ነው የሚሸምነው። የሚናቁት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ናቸው። ስለዚህ ሸማኔው አገሩ ላይ ሌላውን ሲንቅ ኖሮ፣ እዚህ ሲመጣ በተራው ተናቀ። ይህንን የምለው በሸማኔው ለመፍረድ አይደለም። ንቀት አድራሻ ሲያጣ አይታይም፤ ሁሌም ወደ ታች የሚወርድበት ቤት ያገኛል።

ከሁሉም የሚከፋው ልጆቹ ናቸው። አዲስ አበባ ወስጄ አስተምረዋለሁ እየተባለ ከጋሞ ደጋ በዘመድና በደላላ እየመጡ፣ ትምህርቱ ቀርቶ ከንጋት እስከ ሌሊት እየሸመኑ ያደጉ ሕፃናት ታሪክ የታወቀ ነው። ነጠላዬ ላይ የማን ጣት እንዳለፈ በምን አውቃለሁ? ስም አለመጠየቃችን ለዚህም አመችቷል። ስም የሌለው ሠራተኛ ዕድሜም የለው።

በሌላ በኩል ክር ይዞ ስሙ ዓለምን ያዳረሰ ኢትዮጵያዊ አለ፣ ኤልያስ ስሜ። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፣ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተመረቀ። ብሩሽ ጥሎ መርፌ አነሳ ማለት ይቻላል፤ ሸራ ላይ በክር እየሰፋ፣ አሮጌ የልብስ ቁልፍ እየደረደረ ሥዕል ሠራ። በኋላ ደግሞ መርካቶ ወርዶ ከተጣለ ኮምፒዩተርና ስልክ የወጣውን ባለ ቀለም ሽቦ እየገመደ ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ይሠራው ጀመር። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፣ ሲጠጉት ሽቦ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 መካኒሳ ተከፍቷል። በ2022 ሥራው ቬኒስ ቢያናሌ ላይ ታየ፤ በ2024 ተመልሶ እዚያው ቬኒስ ያሳየው ዐውደ ርእይ «ፊት እና ጀርባ» በሚል ስም ነበር። እኔ የኤልያስን ሥራ ሳይ የምደሰተው በሽልማቱ አይደለም። ክር መቁጠር፣ ክር መግመድ፣ አንዷን ነገር ሺህ ጊዜ መደጋገም የሥዕል ሥራ ነው ብሎ ስሙን ስለጻፈበት ነው። ታዲያ የሱን ሽቦ ለማየት የሚሰለፈው ሰው ከዚያ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ለአንድ ነጠላ ሁለት ሰዓት ይከራከራል። እኔም ተከራክሬያለሁ፣ ምን ልዋሽ።

ወደ ሰውዬው ልመለስና፣ በሳምንቱ ነጠላውን ልወስድ ስሄድ «ጫፉ ላይ ስምህን በክር ብታገባበትስ?» አልኩት። ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ።

«ማን ይገዛዋል? የበዓል ልብስ ላይ የኔ ስም!» አለኝ። ደግሞ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እኔ እንደሆን የሠራሁትን አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ሴትዮዋ ለብሳው ብትሄድ፣ ነፋስ ጫፉን ሲገለብጠው ከጀርባው አየዋለሁ፤ ክሩን የማሳልፍበት መንገድ አለኝ» አለ።

የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ አልኩት። ጥበቡን ገልብጦ በጥፍሩ ጠቆመኝ። ሁለት ጊዜ ጠቆመኝ። አዎ አየሁት አልኩት፣ እሱን ላለማድከም። እቤት ወስጄ መስኮት ሥር ዘርግቼ ብፈልገው ብፈልገው ግን አላገኘሁትም። እህቴ ነጠላውን ተቀብላ አገላበጠችውና «ስንት ገዛኸው?» አለችኝ።