ማዕቀብ
ማዕቀብ «ዐቀበ» ከተባለው የግእዝ ግስ የተወለደ ቃል ሲሆን፣ ግሱ ጠበቀ ማለት ስለ ሆነ፣ ዐቃቤ ሕግና ዐቃቤ ሰዓት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ዛሬ ግን ሕዝቡን የሚያስጨንቅ መንግሥት ከግፉ ይመለስ ዘንድ ሌሎች መንግሥታት ንግድንና መሣሪያን የሚነፍጉበት ሥርዓት መጠሪያ ሆኗል፤ መጠበቅ ወደ መከልከል የተሻገረው፣ በር ጠባቂ አስገቢም ከልካይም በመሆኑ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያና ላይቤርያ የደቡብ አፍሪቃን መንግሥት፣ በዛሬይቱ ናሚቢያ ሕዝብ ላይ ስለ ዘረጋው የዘር መድልዎ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በነገሩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ በ1958 ዓ.ም. ወደቀ። የፀጥታው ምክር ቤት አስገዳጅ የመሣሪያ ማዕቀብ በፕሪቶርያ ላይ የጣለው፣ የሶዌቶ ተማሪዎች ደም ከፈሰሰና የዘር መድልዎን የታገለው ስቲቭ ቢኮ በእስር ከሞተ በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. ነው፤ (ዕለቱም፣ እንደ አጋጣሚ፣ ያው ጥቅምት 25 ነበረ።) ምክር ቤቱ አስቀድሞ በ1955 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ ግን ልመና እንጂ ትእዛዝ ስላልነበረ፣ ማዕቀብ ለመባል አይበቃም ባይ ነኝ።