የሚሸጥ ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር ለዘመድ ተዝካር ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከተዝካሩ በማግሥቱ ጧት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ላይ በቀይ ቀለም «የሚሸጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ቤት የመግዛት አቅሙም ሐሳቡም አልነበረኝም። ይሁን እንጂ ከአጥሩ በላይ የሚታየው ጣሪያ ስቦኝ በሩን አንኳኳሁ።

ቤቱ ከፊትና ከጎን በእንጨት በረንዳ የተከበበ ነው። የበረንዳው ክፈፍ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል። መስኮቶቹ ባለ ሁለት መዝጊያ ናቸው። በአንድ ወገን ምርጉ ወድቆ ማገሩ አግጥጧል፤ ቆርቆሮውም ዝጎ የቡና ቀለም ይዟል። ቤተሰቡ «ከጣሊያን በፊት የተሠራ ነው» ይላል።

ደላላው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበርና ክፈፉን ቆሜ ስመለከት ትዕግሥቱ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ቤቱን ተወውና ቦታውን እይ» አለኝ። «አምስት መቶ ካሬ ነው። ቤቱማ የሚገዛው ሰው በማግሥቱ ያፈርሰዋል።»

የቤቱ እመቤት ጋቢ ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የደላላውን ቃል ይስሙት አይስሙት እንጃ። ቡና አፍልተው ካጠጡኝ በኋላ ግን «ልጄ፣ ምሰሶው እኮ ጽድ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም» አሉኝ። ስለ ካሬው አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል፤ ድርሻችንን እንካፈል ብለዋል። ለሽያጭ የቀረበውም ለዚሁ ነው።

የደላላው ንግግር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ነገሩን በጥሞና ላሰበው ሰው እንቆቅልሽ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ባለቤቱ ሊሸጠው የሚችለው በላዩ ያቆመውን ቤት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚጻፈው ቤት ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን ሊሸጥ ለማይችለው መሬት ነው፤ የተሸጠው ቤት ደግሞ ይጣላል። ለመሆኑ እዚህ ላይ እንዴት ደረስን?

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቆረቆሯት ከተማ ናት። በኋላ ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ወከፋ» ተብለው ሲነግሡ መናገሻቸው ሆነች። ዛሬ የምትጠራበትንም ስም ያገኘችው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሡ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ተማርከው ከፋ ከስማቸው ቢፋቅም ጎጃምን እስከ ዕለተ ሞታቸው ገዝተዋል።

ያረፉትም በጥር 1893 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ አረፉ። በእሳቸው ዘመን የተሠራ ቤት ዛሬ በእንግሊዝ ገጠር ወይም ባሕር ዳር ለሽያጭ ሲቀርብ ማስታወቂያው አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ዕድሜው ነው። ምድጃው የጥንቱ ነው፣ ደረጃው አልተነካም፣ መስኮቱ የዱሮው ነው እያለ ይመካል። ቤቱ በቅርስ መዝገብ የገባ ከሆነ ደግሞ ገዢው ያለ ፈቃድ መስኮቱን እንኳ መለወጥ አይችልም። ናሽናል ትረስት የሚባለውን ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቅ ማኅበር ያቋቋሙት ንግሥቲቱ በሕይወት ሳሉ፣ በ1887 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምለው እንግሊዞች ከእኛ ይልቅ አያቶቻቸውን ይወዳሉ ለማለት አይደለም። የእኛ ቤት ዕድሜ ያጠረበት የራሱ ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ምክንያት ራሱ ቤቱ የተሠራበት ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ድንጋይና ኖራ በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት ነበር። ሌላው ሰው የሚኖረው በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በየክረምቱ ማግሥት ካልተመረገ ይፈርሳል። ቆርቆሮ ሲመጣ ዕድሜው ረዘመ። ሆኖም የመኪና መንገድ ዓባይን ሳይሻገር፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው በዚያ በረሃ ቆርቆሮ በጭነት ከብትና በሰው ጫንቃ ማሳለፍ ምን ያህል ድካምና ገንዘብ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ከጣሊያን በፊት በማርቆስ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ሀብቱን በጣሪያው ላይ እንደ ሰቀለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ሹም ሽር ነው። የመኳንንት ቤት ከሹመት ጋር ይቆማል፣ ከሹመት ጋር ይወድቃል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ተመልክተዋል። ግን ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱን ከእስር በማስመለጥ ተከሰው ከጎጃም ገዢነት ተሻሩ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። በዚያ ላይ ሲሾሙ የገቡበትን ቤት ሲሻሩ የሚለቁ ሰዎች ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤት ለማሰብ ፋታ አልነበራቸውም።

ሦስተኛው የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቤት ያልነበረው ብዙ ሰው በጥቂት ብር ኪራይ መጠለያ አግኝቷልና ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ቀበሌ የወረሰውን ቤት ማን ይመርገው? ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ይላል፤ ቀበሌው «በጀት የለኝም» ይላል። ዝናብ ግን ባለቤቱ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

እንዲህም ሆኖ የተረፉ አሉ። በማርቆስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የሚጠራው ቤተ መንግሥት አለ። በአዲስ አበባ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ሙዚየም ሆኗል። የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ቢቃጠልም ታድሶ እንደገና እንግዳ ተቀብሏል። እነዚህ ቤቶች የታላላቅ ሰዎች ስም አላቸው፤ ከስሙ በላይ ግን ሥራ አላቸው። ሥራ ያለው ቤት የሚመርገው ሰው አያጣም።

ስም የሌለው ቤት ግን ማን አለው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ የያዘውም ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይለውጠው ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው የተመዘገበውን ነው። የነጋዴው፣ የጸሐፊው፣ የመቶ አለቃው ቤት ሳይመዘገብ ይፈርሳል። የንጉሥ ቤት ንጉሡ እንዴት እንደ ኖረ ይነግረናል። ከተማው እንዴት እንደ ኖረ የሚነግረን ግን ያ ባለ በረንዳው ቤት ነበር።

ሁሉም ይቁም የምል ሞኝ አይደለሁም። እኒያ እናት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ለእኛ ትዝታ ሲሉ ይንቀጥቀጡ ማለትም ግፍ ነው። ቢያንስ ግን ከመፍረሱ በፊት ሜትር ይዞ የሚለካው፣ ፎቶግራፍ የሚያነሳው፣ ማን እንደ ሠራው ባለቤቶቹን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ቢላክ ብዙ ወጪ የለውም። እኔ ራሴ በዚያን ዕለት ካሜራ ይዤ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አንስቼ፣ የአናጢውን ስም ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ቤቱ ተሸጠ። አንድ የማርቆስ ዘመዴ እንደ ነገረኝ፣ ቦታው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ተጀምሯል። ምሰሶዎቹስ ምን ሆኑ ብዬ ጠየቅሁት። ሲነቀሉ አንዱም አልበሰበሰም ነበር አለኝ። ምስጥ ያልደፈረውን እኛ ደፈርነው።