ማሽኑ የማያጥበው፣ ደሙ የሚናገረው

እ.ኤ.አ. በ1943 በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ሆላንድ፣ ዶ/ር ቪለም ኮልፍ በቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን ደም የሚያጥብ ከበሮ ሠሩ። በ1960 ዶ/ር ስክሪብነር ሲያትል ላይ ክንድ ላይ የሚቆይ ቱቦ ሲያበጁ፣ እጥበቱ ለዓመታት የሚዘልቅ ሕክምና ሆነ።

እኛ መሐንዲሶች “ማሽኑ ስንት ዩሪያ አወጣ?” እንላለን። በ1990 ግን ሎሪና ሊው ከ12 ሺህ በላይ ታካሚዎችን መረጃ ሲመረምሩ፣ የሞት አደጋን አጉልቶ ያሳየው የአልቡሚን ማነስ ሆነ። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ብግነት ሲኖር ወይም ምግብ ሲጎድል ይወርዳል።

ከፍኖተ ሰላም በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እጥበቱ ደግሞ በተለምዶ በሳምንት 3 ጊዜ። ትራንስፖርቱና ክፍያው ከማዕዱ ላይ ከተቀነሰ፣ ማሽኑ አሪፍ ቢሠራም አልቡሚኑ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ “ስንት ሰዓት ታጠበ?” ብቻ አይበቃም፤ “ምን በላ? ኢንፌክሽንስ አለው ወይ?” ማለትም ያስፈልጋል።